የሆቴል ሠራተኛ ድልድል እንዴት ይወጣል? ከአንሶላ መጋዘን እስከ ማታ መመለሻ

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ አንድ ሆቴል የአንሶላ መጋዘን ብትገቡ፣ አንዲት የክፍል ጽዳት ሠራተኛ በአንድ እጇ ዳቦ ይዛ በሌላው ፎጣ ስትቆጥር ልታገኙ ትችላላችሁ። ቁጭ ብላ አትበላም። ገና ብዙ ክፍል ይቀራታል፤ እንግዳ መቀበያው ፊት ደግሞ ሻንጣቸውን ይዘው ቁልፍ የሚጠብቁ ሰዎች ቆመዋል። እኔ በዚህ ሙያ የጀመርኩት በክፍል ጽዳት ነው፤ ኋላ ተቆጣጣሪ ሆንኩ፣ አሁን ሐዋሳ ውስጥ ባለ 64 ክፍል ሆቴል የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። ያንን የቆመ ምሳ ለዓመታት በልቼዋለሁ። ሠራተኛዋ ስለዘገየች የመጣ ነገር አይደለም። ድልድሉን፣ ማለትም ማን በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚገባ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ ያወጣው ሰው የቆጠረው ሰው ብቻ ነው፤ ሥራውን አልቆጠረም።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከ30 እስከ 100 ክፍል ላላቸው ሆቴሎች የሚስማማ ነው። ደብተርና የሒሳብ ማሽን ይበቃል፤ ኮምፒውተር ያለው ደግሞ በኤክሴል ይሥራው። የሕጉን ነጥቦች የወሰድኩት ከአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

1. ዓመቱን ዘርግታችሁ ተመልከቱ

ትልቅ ወረቀት ላይ አሥራ ሦስቱን ወራት ጻፉና ባለፉት ሁለት ዓመታት የእንግዳ መዝገብ ላይ ያያችሁትን ምልክት አድርጉ። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ወቅት አለው። በሐዋሳ የኛ ዓመት ይህን ይመስላል፦ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል በዓል ነው፤ ከተማው ይሞላል፣ አንድም ክፍል አይተርፍም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ሌላው ነው፤ ቀኑን አያንቶዎች የከዋክብቱን አካሄድ አይተው ስለሚያሳውቁ በየዓመቱ ይለዋወጣል፣ ስለዚህ በወረቀቱ ላይ በእርሳስ ይጻፋል። ግንቦትና ሰኔ የመንግሥት በጀት ዓመት መዝጊያ በመሆናቸው የሥልጠናና የስብሰባ እንግዳ ይበዛል፤ ክፍሉም አዳራሹም አብረው ይያዛሉ። ሠርግ ከጥምቀት በኋላና ከፋሲካ በኋላ ይደራል፤ በሁዳዴ ግን የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፣ ሥጋ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ የጾም ወጥና ዓሣ የሚሠራው ወገን ደግሞ ወገቡ ይጎብጣል።

ይህን ስታደርጉ ልብ ልትሉት የሚገባው፣ አንድ በዓል ሁሉንም የሥራ ክፍል እኩል እንደማይነካ ነው። የገብርኤል ዕለት የሚጨነቀው ክፍል ጽዳትና እንግዳ መቀበያ ነው። የሠርግ ዕለት የሚጨነቀው ማድ ቤትና አስተናጋጅ ነው። የሥልጠና ሳምንት ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ የሻይ ዕረፍት አለ፤ ማንም የማያስታውሰው ዕቃ አጣቢው ስኒ ይከመርበታል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምልክት ሥር የትኛው ክፍል እንደሚጨነቅ ጻፉ።

የዓመት ዕረፍትንም በዚሁ ወረቀት ላይ አሁኑኑ አስቀምጡ። ሕጉ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ተጨማሪ ቀን ይሰጣል። ቀዝቃዛ በሆኑት ሳምንታት ተከፋፍሎ ካልተያዘ፣ ሁሉም ሰው ተጠራቅሞ ሰኔ ላይ ይጠይቃል፤ ያኔ «አይቻልም» ማለት ይመጣል፣ ቅሬታውም ከዚያ ይጀምራል።

2. ሥራውን በደቂቃ ለኩ

ሰዓት ይዛችሁ ከሠራተኛዋ ጋር ለሁለት ቀን ዙሩ። ልትከታተሏት እንዳልመጣችሁ፣ ሥራውን ልትለኩ እንደመጣችሁ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ካልሆነ ትሮጣለች፣ ልኬቱም ውሸት ይሆናል። መካከለኛ ፍጥነት ያላትን ሠራተኛ ምረጡ። ከሁሉ ፈጣኗን ከለካችሁ ሌሎቹ ዓመቱን ሙሉ ይቀጡበታል።

በኛ ሆቴል እንግዳው የለቀቀው ክፍል 40 ደቂቃ፣ እንግዳው የሚያድርበት ክፍል 25 ደቂቃ ይወስዳል። የናንተ ሊለይ ይችላል፤ ገንዳ ያለው መታጠቢያ፣ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል፣ አሳንሰር የሌለው ሦስተኛ ፎቅ ሁሉም ደቂቃውን ይለውጡታል። ስምንት ሰዓት 480 ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን ጋሪ መሙላት፣ የጠዋት መመሪያ መቀበል፣ እንግዳው እስኪወጣ ኮሪደር ላይ መጠበቅ፣ ቆሻሻ አንሶላ ላውንደሪ ማድረስ ሲቀነስ ለክፍል ጽዳት የሚተርፈው 400 ያህል ነው። የምሳ ሰዓቱ ከስምንቱ ሰዓት ውጭ ነው፤ ከዚያ ላይ አትስረቁ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ቅዳሜ ማታ 58 ክፍል ተይዟል፤ አብዛኛው ከአዲስ አበባ ለሁለት ቀን የመጣ ስለሆነ እሑድ 40ው ይለቅቃል፣ 18ቱ ያድራል። 40 በ40 ሲባዛ 1600፣ 18 በ25 ሲባዛ 450፣ ድምሩ 2050 ደቂቃ። ለ400 ሲካፈል አምስት ሰው ሆኖ ጥቂት ይተርፋል። ኮሪደሩን፣ መግቢያ አዳራሹንና የጋራ መጸዳጃውን የሚይዝ አንድ ሰው ሲጨመር ስድስት ነው፤ የተረፈውንም እርሱ ያግዛል። ማክሰኞ ግን 30 ክፍል ብቻ ተይዟል፤ 8 ይለቅቃል፣ 22 ያድራል። 320 እና 550፣ በድምሩ 870 ደቂቃ። ሦስት ሰው ይበቃል፤ የተረፈው ጊዜ ለመስኮትና ለምንጣፍ ይሆናል።

ብዙ ሆቴሎች በየቀኑ አራት ሰው ይመድባሉ። እሑድ ለአራት ሲካፈል አንዷ ከ512 ደቂቃ በላይ ይደርሳታል። ምሳ ባትበላም እንኳ በስምንት ሰዓት አትጨርሰውም። የዳቦው ነገር የመጣው ከዚህ ነው።

3. ደቂቃውን ወደ ሰው ቀይሩ

የሳምንቱን ቀን በቀን አስሉ። የኛ እንዲህ ወጣ፦ እሑድ 6፣ ሰኞ 4፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 3፣ ሐሙስ 4፣ ዓርብ 4፣ ቅዳሜ 5። በድምሩ 29 ፈረቃ። በየቀኑ አራት ሰው ይመደብበት የነበረው አሮጌው ድልድል ስንት ነበር? 28። ይህን ለባለቤቱ ሳሳየው ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ራሱ ደመረው። በሳምንት አንድ ፈረቃ ብቻ ተጨምሮ የእሑዱ ሥቃይ ቀረ። ገንዘቡ ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ የተቀየረው ሰው የሚቆምበት ቀን ነው።

ከዚያ አንድ ሰው በዓመት በእውነት ስንት ቀን እንደሚሠራ አስሉ። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በ52 ሳምንት 312 ቀን ይሆናል። ከዚህ 16 የዓመት ዕረፍት፣ ወደ 12 የሚጠጉ የሕዝብ በዓላት፣ ለሕመም፣ ለለቅሶና ለመሰል ጉዳይ 8 ቀን ሲነሳ 276 ይቀራል። ስምንቱ ቀን ከኛ መዝገብ የተወሰደ ነው፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። በዓል ላይ የሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ይከፈለዋል፤ ሆቴል ደግሞ በበዓል አይዘጋም። እኔ ግን ሲታቀድ በዓሉን እንደማይሠራበት ቀን እቆጥረዋለሁ፣ ማንም ሰው ሁሉንም በዓል ከቤተሰቡ ተለይቶ እንዳያሳልፍ።

312 ለ276 ሲካፈል 1.13 ይሆናል፤ ዕረፍቱና በዓሉ እንዲሸፈን ለአንድ ሰው ሥራ 1.13 ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉት። 29 ፈረቃ ለስድስት ሲካፈል 4.83፤ በ1.13 ሲባዛ 5.46። ስለዚህ ለክፍል ጽዳት ስድስት ቋሚ ሠራተኛ ያስፈልጋል። አምስት ቀጥራችሁ «ይበቃል» ካላችሁ፣ አንዷ የዓመት ዕረፍት በወጣች ቀን ዕቅዱ ይፈርሳል።

4. ሌሊትና ቀን የማይዘጉ ቦታዎች

እንግዳ መቀበያና ጥበቃ በተለየ መንገድ ይሰላሉ። አንድ ቦታ በቀን ሦስት ፈረቃ፣ በዓመት 1095 ፈረቃ ይፈልጋል። ለ276 ሲካፈል አራት ሰው ነው። አራት ማለት ለአንድ ወንበር ነው፤ ሁለት ወንበር ካለ ስምንት።

በጥበቃ ላይ «24 ሠርቶ 24 ማረፍ» የሚባለው ልማድ ተንሰራፍቷል። በሳምንት አማካዩ 84 ሰዓት ነው፤ የሕጉ መደበኛ ሰዓት ግን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በበሩ ብታልፉ ጥበቃው ጋቢውን ተከናንቦ አንገቱን ደፍቶ ታዩታላችሁ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የቆመን ሰው እንቅልፍ ጣለው ብሎ መቅጣት ግፍ ነው።

5. ትርፍ ሰዓትን እንደ መድኃኒት እንጂ እንደ ምግብ አትውሰዱት

ሕጉ ትርፍ ሰዓትን የሚፈቅደው ለድንገተኛና አስቸኳይ ሁኔታ፣ እንደ አደጋ ወይም በቀረ ሠራተኛ ምትክ ለመሰሉ ጉዳዮች ነው። ያም ቢሆን በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ላለው 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው።

የሰዓት ደመወዝ እንዴት ይገኛል? 48 በ52 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 208 ይሆናል። የወር ደመወዙን ለ208 አካፍሉ። የወሩን 30 ቀን በ8 አባዝቶ ለ240 የሚያካፍል ሒሳብ ሠራተኛ አይቻለሁ፤ የዕረፍቱን እሑድ ሥራ አድርጎ ቆጥሮታል ማለት ነው፣ ሠራተኛው በየሰዓቱ ይጎዳል።

ለባለቤት የሚገባው ሒሳብ ይህ ነው። አራት ሰው በሳምንት 12 ሰዓት ትርፍ ቢሠሩ 48 ሰዓት ይሆናል፤ ክፍያው በ1.5 ሲባዛ የ72 ሰዓት ነው፣ በሌሊት ከሆነ የ84። ያንኑ 48 ሰዓት አዲስ የተቀጠረ ሰው ቢሠራው፣ አሠሪው የሚከፍለውን 11 በመቶ ጡረታ ጨምሮ የ53 ሰዓት ያህል ነው። የደንብ ልብስ፣ ምግብና የዕረፍት ቀናት ቢጨመሩበትም በየሳምንቱ የሚደጋገም ትርፍ ሰዓት ውድ ነው። ርካሽ የሚመስለው ሳይከፈል ሲቀር ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ቁጠባ ሳይሆን የሰው ጉልበት መውሰድ ነው።

6. ሳምንታዊውን ድልድል አውጡ

ድልድሉ ከሁለት ሳምንት በፊት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሰው ልጁን ማን ጋር እንደሚያስቀምጥ፣ የማታ ትምህርቱን መቼ እንደሚማር አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ቅዳሜ ማታ ስልክ ተደውሎለት «ነገ ጠዋት ግባ» የሚባል ሠራተኛ ልቡ ከሥራው አይሆንም።

ስታወጡ መጀመሪያ ዕረፍቱን ሙሉ፣ ሥራውን ቀጥሎ። ሕጉ በሰባት ቀን ውስጥ ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት ያዝዛል፤ ለሕዝብ አገልግሎት እንደሚሰጥ ድርጅት ሆቴል ዕረፍቱን ከእሑድ ወደ ሌላ ቀን ሊያዞር ይችላል። እኔ በአራት ሳምንት አንዴ እሑድ ለእያንዳንዱ እንዲደርስ አዞራለሁ። ማታ አምስት ሰዓት የወጣን ሰው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አታስገቡ፤ በሁለት ፈረቃ መካከል ቢያንስ 11 ሰዓት እንዲኖር የራሳችሁን ደንብ አድርጉት።

ጾምን አትርሱ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሠራተኛ የሠራተኛ ምግብ በስድስት ሰዓት ቢቀርብለት ምንም አይጠቅመውም፤ ለእርሱ ድርሻው ይቀመጥ። በረመዳን ደግሞ ሙስሊም አስተናጋጆችን በማፍጠሪያ ሰዓት ለሃያ ደቂቃ የሚተካ ሰው አስቀድማችሁ ስሙን ጻፉ። ቴምሩን ኪሱ ውስጥ ይዞ ሦስት ጠረጴዛ የሚያስተናግድ ልጅ አይቻለሁ፤ አዛን ብሎ ሩብ ሰዓት አልፏል፣ የሚተካው ግን አልነበረም።

ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትመደብም፣ ትርፍ ሰዓትም አትሠራም። ይህን በቃል ሳይሆን በድልድሉ አሳዩ። ሥራዬን ያሳጣኛል ብላ እርግዝናዋን በሰፊ ሽርጥ ሸፍና ፍራሽ ስትገለብጥ የምትውል ሴት በዚህ ሙያ ውስጥ ብርቅ አይደለችም። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ፈቃድ አላት፤ ለአባትየው 3 ቀን። ስትነግራችሁ የመጀመሪያው ቃላችሁ «እንኳን ደስ አለሽ» ይሁን፣ ሁለተኛው ደግሞ የአራት ወር ምትክ ቀጥራችሁ ሥራዋን መጠበቅ ነው። በክረምት የምትወስዷቸው ተማሪዎች ከ15 በታች መሆን የለባቸውም፤ ከ15 እስከ 18 ያሉት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በሌሊት፣ በዕረፍት ቀንና በበዓል አይሠሩም።

7. ማታ እንዴት ይመለሳሉ?

በዚህ ነጥብ ላይ ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ ልቆይ፤ በብዙ ሆቴል ዕቅድ ውስጥ ጨርሶ የለምና።

በወጣትነቴ በምሠራበት ሆቴል የአስተናጋጆች የማታ ፈረቃ የሚያበቃው «እንግዳው ሲያልቅ» ነበር። አንዳንዴ አራት ሰዓት፣ አንዳንዴ ስድስት። አንዲት ጓደኛችን ደመወዝ በተከፈለበት ማታ ስድስት ሰዓት ላይ ወጥታ በእግሯ ስትሄድ ተዘረፈች። በማግስቱ ፊቷ አብጦ መጣች፤ ኃላፊው የጠየቃት የደንብ ልብሷ የት እንደወደቀ ነበር። በሳምንቱ ለቀቀች። ከእርሷ ጋር ሦስት ዓመት የተማረችው ሙያ አብሮ ወጣ።

ስለዚህ የማታ ፈረቃ ማብቂያ ሰዓት ይኑረው። በከተማችሁ ባጃጅና ታክሲ የሚጠፋበትን ሰዓት ጠይቁ፤ አብዛኛው አስተናጋጅ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይውጣ። ዘግይቶ የሚቆየው ቁጥሩ የታወቀ ይሁን፣ በቀኑ ሁለት ወይም ሦስት ሰው፤ ለእነርሱ ብቻ አንድ መኪና ወይም ቋሚ ውል ያለው ባጃጅ ይመደብ። የሠፈራቸውን ዝርዝር ይዛችሁ በአንድ አቅጣጫ የሚኖሩትን በአንድ ማታ ብትመድቡ ወጪው በጣም ይቀንሳል። መኪና ካልተገኘ መቆለፊያ ያለው ንጹሕ ማደሪያ ክፍል ይዘጋጅ፤ የወንድና የሴት ለየብቻ። ደመወዝ በባንክ ይግባ።

በዚያው ሰዓት ያለውን ሌላ አደጋም እናንሳ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ወደ እንግዳ ክፍል ምግብ የሚወስድ ሰው ብቻውን አይግባ፤ በር ላይ አስረክቦ ይመለስ ወይም ሁለት ሆነው ይሂዱ። አዋጁ ወሲባዊ ትንኮሳን በስም ጠርቶ ከልክሏል። የሰከረ እንግዳ አስተናጋጅ ሲነካ «ደንበኛ ነው፣ ቻዪው» የሚል ተቆጣጣሪ ካለ፣ ድልድሉ ምንም ያህል ቢያምር ሰው አይጸናላችሁም። ተቆጣጣሪው ጠረጴዛውን ራሱ እንዲረከብ፣ ሁኔታውም በዚያው ማታ በመዝገብ እንዲሰፍር ደንቡን ጽፋችሁ አስፈርሙ።

8. ውል፣ ሙከራ፣ የሚቆረጥ ገንዘብ

ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት ግዴታ ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ወር በወር እየታደሰ የሚሄድ ሙከራ የለም።

የተሰበረ ብርጭቆ፣ የጎደለ ሒሳብ፣ ሳይከፍል የሄደ እንግዳ፦ እነዚህ ሁሉ ከአስተናጋጁ ደመወዝ ላይ የሚቆረጡበት ቤት ብዙ ነው። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ መቁረጥ አይቻልም፤ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። እኛ ለስብራት በወር የተወሰነ መጠን በጀት ያዝን፤ ከዚያ ወዲህ የተሰበረ ብርጭቆ በቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተደብቆ እጅ መቁረጡ ቀረ። በደረሰኝ ላይ የአገልግሎት ክፍያ የምትጨምሩ ከሆነ አከፋፈሉ ለማድ ቤትና ለዕቃ አጣቢም ጭምር በመቶኛ ተጽፎ ይለጠፍ፣ የወሩም ድምር ይታይ።

9. ለሠርግና ለበዓል የሚመጣ ሰው

የታወቀ ወቅት ሲመጣ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር ሕጉ ይፈቅዳል። ከየአካባቢያችሁ የሙያ ኮሌጅ የሆቴል ተማሪዎች ዝርዝር ያዙ፤ ከሠርጉ አንድ ቀን ቀድመው መጥተው አዳራሹን፣ የአደጋ መውጫውንና የጋዝ መዝጊያውን ይዩ። ክፍያቸው በዚያው ዕለት ይፈጸም። ስማቸውም መዝገብ ላይ ይስፈር፤ የቀን ሠራተኛ ቢሆንም ዘይት ቢያቃጥለው ወይም እርጥብ ወለል ላይ ቢወድቅ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው።

10. ዕቅዱን ከሆነው ጋር አስተያዩ

በየሳምንቱ ሰኞ ከአራት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ተቆጣጣሪዎቹን ሰብስቡ። አጀንዳው ሦስት ነው፦ ስንት ክፍል ተጠበቀ፣ ስንት ተያዘ፤ ማን ስንት ሰዓት ታቅዶለት ስንት ሠራ፤ ምሳውን ቁጭ ብሎ ያልበላ ማን ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ ሠራተኞቹ ራሳቸው ከየክፍሉ በተወካይ ይመልሱት።

የሚለቅ ሰው ሲኖር በመጨረሻው ቀን ሻይ ጋብዛችሁ ለምን እንደለቀቀ ጠይቁት፤ መልሱንም ጻፉ። ወደ ዱባይ ወይም ወደ ዶሃ ሆቴሎች የሚሄዱት አሉ፤ በዚያ ደመወዝ ልንወዳደር አንችልም፣ የልምድ ደብዳቤውን በጊዜ ጽፎ መሸኘት ግን እንችላለን። ሌሎቹ ግን የሚሄዱት ማዶ ወዳለው ሆቴል ነው፣ በሁለት መቶ ብር ልዩነት ወይም ያለ ምንም ልዩነት። ባለፈው ዓመት ከኛ ከለቀቁት አራቱ የጻፉት ምክንያት አንድ ነበር፤ የላውንደሪው ክፍል መስኮት አይከፈትም። አናጢ ጠርተን በአንድ ቀን አስከፈትነው።